በመጨረሻው ሰከንድ መጫረት፦ ለየትኛው ጨረታ የትኛው መንገድ ይሻላል?

በኢንተርኔት ጨረታ የተሸነፈ ሰው ደጋግሞ የሚያሰማው ቅሬታ አንድ ነው፦ «ሳምንቱን ሙሉ ስመራ ቆይቼ፣ ሊዘጋ አምስት ሰከንድ ሲቀረው አንዱ መጥቶ ነጠቀኝ።» ቅሬታው ያሳዝናል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያነጣጠረው ጥፋት በሌለበት ሰው ላይ ነው። በመጨረሻው ሰከንድ የገባው ተጫራች የጣሰው ደንብ የለም። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ተነግሯል፤ እሱም በሩ ሳይዘጋ ገባ። የመዝጊያ ደንቡ የተለየ በሆነበት ገበያ ያው ሰው ያንኑ ቢያደርግ ምንም አያተርፍም ነበር። ስለዚህ ቀድሞ መጫረት ይሻላል ወይስ ዘግይቶ፣ በእጅ ይሻላል ወይስ በአገልግሎት ሰጪ በኩል ከሚለው ጥያቄ በፊት አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል፤ ጨረታው እንዴት ነው የሚዘጋው?

መጀመሪያ የመዝጊያውን ደንብ ይዩ

የኢንተርኔት ጨረታዎች በአዘጋጋቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ሰዓቱ የማይነቃነቅ ነው። የዚህ አውራው ኢቤይ ነው። ሻጩ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ወይም ዐሥር ቀን መርጦ ጨረታውን ይከፍታል፤ ጊዜው ሲሞላ ጨረታው በሰከንዷ ይዘጋል። ፉክክሩ የቱንም ያህል ቢጋጋል ጭማሪ የለም። ሁለተኛው ሰዓቱ የሚራዘም ነው። የኒውዚላንዱ ትሬድ ሚ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ዋጋ ከገባ ሁለት ደቂቃ ያራዝማል። ለየት ያሉ አሮጌ መኪኖች የሚሸጡበት የአሜሪካው ብሪንግ ኤ ትሬለርም በመዝጊያው ላይ ዋጋ ሲገባ ሰዓቱን ወደ ሁለት ደቂቃ ይመልሰዋል። በጃፓኑ የያሁ ጨረታ ደግሞ ሻጩ ከፈቀደ አምስት ደቂቃ ይጨመራል። በእነዚህ ገበያዎች ሌላው ተጫራች ሁልጊዜ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ስለሚያገኝ አድፍጦ መቆየት ዋጋ ያጣል።

ልዩነቱ የቱን ያህል የሰውን ጠባይ እንደሚቀይር በደንብ የታየው አማዞን እ.ኤ.አ. በ1999 የራሱን የጨረታ ገበያ ሲከፍት ነው። አማዞን ሰዓቱ የሚራዘምበትን ደንብ መረጠ፤ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ዋጋ ከገባ፣ ዋጋ ያልገባበት ሙሉ ዐሥር ደቂቃ እስኪያልፍ ድረስ ጨረታው አይዘጋም። አልቪን ሮዝና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሁለቱን ገበያዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳተሙ። ዓለም ያው፣ ዘመኑ ያው፣ ዕቃውም ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ ኢቤይ ላይ ዋጋ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎችና ሰከንዶች ሲጎርፍ አማዞን ላይ እንዲህ ያለው ጥድፊያ እምብዛም አልታየም። ኢቤይ የስግብግቦች፣ አማዞን የጨዋዎች መሰብሰቢያ ስለነበር አይደለም። ሮዝ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ገበያዎች እንዴት መቀረጽ እንዳለባቸው ባደረገው ምርምር የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። የአማዞን ጨረታ ግን ከኢቤይ ጋር መፎካከር ተስኖት ከተዘጋ ቆይቷል።

ነገሩ ከኢንተርኔት ጋር የተወለደም አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ቁራጭ ሻማ ተለኩሶ፣ ሻማው ሲጠፋ የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ሰው የሚያሸንፍበት ጨረታ ነበር። የባሕር ኃይሉ ሹም ሳሙኤል ፒፕስ በ1662 የአሮጌ መርከቦች ሽያጭ ላይ ተገኝቶ የታዘበውን በዕለት ማስታወሻው አስፍሯል። ከተጫራቾቹ አንዱ ሁልጊዜ በልኩ ሰዓት እየጠራ ሲያሸንፍ አይቶ ምስጢሩን ጠየቀው። ሰውየውም ነበልባሉ ሊጠፋ ሲል ጭሱ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ እሱም ያንን እየጠበቀ እንደሚጠራ ነገረው። ዓይን ያለው ሰው ሰከንዷን ከጭስ ያነብ ነበር ማለት ነው። ማጭበርበር ነው የሚል ካለ እኔ ከእሱ ጋር አልስማማም።

የሚጽፉት ቁጥር የሚከፍሉት አይደለም

እኛ አገር ጨረታ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የታሸገ ኤንቨሎፕ ነው። ዋጋዎን ጽፈው፣ ሲፒኦ አያይዘው፣ አሽገው ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፤ ካሸነፉ የጻፉትን ይከፍላሉ። ስለዚህ ብልህ ተጫራች ለዕቃው ከሚሰጠው ግምት ትንሽ ቀነስ አድርጎ መጻፉ ልክ ነው። ይህንን ልማድ ይዞ ኢቤይ የሚገባ ሰው ግን ይጎዳል። ኢቤይ ላይ የሚጽፉት ከፍተኛ ዋጋ ጣሪያዎ ብቻ ነው፤ ለሌሎች አይታይም። ሥርዓቱ እርስዎን ወክሎ ተፎካካሪዎን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ ከፍ ያደርጋል። የሚከፍሉት ሁለተኛ የወጣው ሰው ጣሪያ ላይ ትንሽ ጭማሪ ታክሎበት ነው። አሸናፊው የሁለተኛውን ዋጋ የሚከፍልበትን የታሸገ ጨረታ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲተነትን እንዳሳየው፣ በዚህ ዓይነቱ ጨረታ እውነተኛ ጣሪያን መጻፍ አይጎዳም።

በምሳሌ እንየው። በፓሪስ የተመታ የዳግማዊ ምኒልክ ብር በ50 ዶላር መነሻ ለጨረታ ወጣ እንበል። አልማዝ ሰኞ ዕለት 180 ጻፈች። ሌላ ተጫራች ስለሌለ ገጹ አሁንም 50 ይላል። ማክሰኞ ከበደ 140 ሲጽፍ ወዲያው እንደተበለጠ ይነገረዋል፤ ዋጋው 142 ዶላር ከ50 ሆነ። ከ100 እስከ 250 ዶላር ባለው እርከን የኢቤይ ጭማሪ 2 ዶላር ከ50 ነውና። ከበደ እዚህ ላይ ቢያቆም አልማዝ የጻፈችውን 180 ሳይሆን 142 ከ50 ትከፍላለች። ከበደ ግን እልህ ይዞት 160 ጻፈ፣ አሁንም ተበለጠ። 175 ጻፈ፣ አሁንም። በመጨረሻ 185 ሲጽፍ መምራት ጀመረ። ሰኞ ጠዋት «ለዚህ ሳንቲም ከ140 በላይ አልከፍልም» ያለው ሰው ማክሰኞ ማታ 182 ዶላር ከ50 ላይ ቆሟል። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ አልማዝ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብላ አየች እንበል። ከበደ ተፎካካሪ ስላልገጠመው 70 ጽፎ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ሊዘጋ ስድስት ሰከንድ ሲቀረው አልማዝ 180 ታስገባለች፤ በ71 ዶላር ታሸንፋለች። ከበደ እስከ 140 ለመክፈል ልቡ ነበረው፤ ያንን ግን ለሥርዓቱ አልነገረውም። ቢነግረው ኖሮ አልማዝ በመጨረሻው ሰከንድ ብትገባም ያው 142 ዶላር ከ50 ትከፍል ነበር። የመጨረሻ ሰከንድ ዘዴ ጥቅሙ ይህ ነው፤ የሚያተርፈው እውነተኛ ጣሪያውን ካልጻፈ ሰው ላይ ብቻ ነው። የጻፈውን ሰው ሊነጥቀው አይችልም፤ ሊያሸንፈው የሚችለው በእውነት ከእሱ በላይ ለመክፈል የቆረጠ ሰው ብቻ ነው።

አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ቀስ በቀስ መጨመር፣ ማለትም ከበደ ያደረገው፣ ለማንኛውም ዓይነት ጨረታ የማይመከር ነው። ሻጩን ይጠቅማል፣ ተፎካካሪን ይቀሰቅሳል፣ የራስን ልጓም ያስጥላል። ስለዚህ መንገድ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጣሪያን ቀደም ብሎ ጽፎ መሄድ የተረጋጋ ሰው መንገድ ነው። ጊዜ የለዎትም፣ ስልክ ላይ አፍጥጠው መቀመጥ አይፈልጉም፣ ዕቃው ቢቀርብዎትም አያንገበግብዎትም እንበል፤ እንግዲያው ይህን ይምረጡ። አንድ የማይታወቅ ጥቅምም አለው፤ ሁለት ሰዎች እኩል ጣሪያ ከጻፉ የሚያሸንፈው ቀድሞ የጻፈው ነው። ክብ ቁጥር መጻፍ የሚወዱ ተጫራቾች ብዙ ስለሆኑ 180 ከመጻፍ 181 ከ37 ሳንቲም መጻፍ አንዳንዴ ዕቃውን ያስገኛል። ጉዳቱ ደግሞ ፍላጎትዎን ማሳወቁ ነው። ቀስ በቀስ ለሚጨምረው ሰው የሚታገለው ግድግዳ ይሰጡታል፤ ከዚህ በታች የማነሣው ዋጋ አናሪም መለኪያ ያገኛል።

በእጅ በመጨረሻው ሰከንድ መግባት ሰዓቱ ለማይራዘም ጨረታ ከሁሉ የተሻለ ዋጋ ሊያስገኝ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ የሚከሽፈውም እሱ ነው። ገጹ በድንገት «እንደገና ይግቡ» ይላል፤ ይለፍ ቃል ሲጽፉ ጨረታው ያልቃል። ዋጋ ጽፈው ሲጫኑ ደግሞ «ያረጋግጡ» የሚል ሁለተኛ ቁልፍ ይመጣል። የስልኩ ኢንተርኔት ለሁለት ሰከንድ ይንቀረፈፋል። ወይም እርስዎ 150 ሲጽፉ ዋጋው 149 ደርሶ፣ ከጭማሪው ያነሰ ስለሆነ ሥርዓቱ አይቀበለውም፤ ለማስተካከል ጊዜ የለም። ስለዚህ አስቀድመው ገብተው፣ ዋጋውን ጽፈው፣ እስከ ማረጋገጫው ቁልፍ ደርሰው ይጠብቁ። እኔ ሁለት ሰከንድ ድረስ መጠበቅን ጀግንነት አልለውም። ስምንትና ዐሥር ሰከንድ ለቀስ በቀስ ተጫራቹ ያው አጭር ነው፤ ለእርስዎ ግን ትንፋሽ ይሰጣል።

የሰዓት ልዩነቱም አለ። ብዙ የአሜሪካ ሻጮች ገዢ ቤቱ የሚቀመጥበትን የእሑድ ምሽት ይመርጣሉ። በካሊፎርኒያ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ጨረታ አዲስ አበባና ሪያድ ላለ ሰው የሚዘጋው ሰኞ ሌሊት በ10 ወይም በ11 ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚለውጡ በአንድ ሰዓት ይለያያል። ለ70 ዶላር ዕቃ ሌሊት መነሣት ለማን እንደሚያዋጣ ራስዎ ይፍረዱ።

አራተኛው መንገድ ይህንን ሥራ ለሌላ አሳልፎ መስጠት ነው። እንደ ጊክሰንና ኢስናይፕ ያሉ አገልግሎቶች የዕቃውን ቁጥርና ጣሪያዎን ይቀበሉና በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች እርስዎን ተክተው ያስገባሉ። አይተኙም፣ አይናደዱም፣ «እስኪ አምስት ዶላር ብቻ ልጨምር» አይሉም። ሐሳብዎን ከቀየሩ ሰዓቱ ሳይደርስ መሰረዝ ይችላሉ፤ ኢቤይ ላይ በቀጥታ የገባ ዋጋ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሰረዝም። ከሁሉ የሚጠቅመኝ የምለው ሌላ ነው፤ ሦስት ሻጮች አንድ ዓይነት ዕቃ ካወጡ፣ አንዱን ሲያሸንፉ የቀሩት እንዲሰረዙ ማዘዝ የሚያስችሉ አሉ። ዋጋው ምንድን ነው? ብሩ ሳይሆን የይለፍ ቃልዎ ነው። አገልግሎቱ በእርስዎ ስም እንዲገባ መለያዎን ማወቅ አለበት፤ ከዚያ መለያ ጋር ደግሞ የመክፈያ መንገድዎ ሊያያዝ ይችላል። ስሙን ሰምተው ለማያውቁት አገልግሎት ይህንን መስጠት አይገባም፤ ለኢቤይ የሚጠቀሙበት የይለፍ ቃልም የኢሜይልዎ የይለፍ ቃል እንዳይሆን።

ሰዓቱ በሚራዘምበት ጨረታ ሦስተኛውና አራተኛው መንገድ ከንቱ ናቸው። እዚያ ጣሪያዎን በወረቀት ጽፈው መዝጊያው ላይ መገኘት ወይም ቀድመው ጽፈው መሄድ ነው ያለው። ማራዘሚያው ሲደጋገም ሰው ይግላል፤ ከአልማዝና ከከበደ ታሪክ ክፉው ክፍል የሚደገመው እዚህ ነው። ሻጭ ከሆኑ ግን ይህንን ዓይነቱን ገበያ ይምረጡ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ ሊቃውንት ከሌላ ተመራማሪ፣ ከዳን አሪየሊ ጋር ሆነው በቤተ ሙከራ ሲፈትሹት፣ ሰዓቱ የሚራዘመው ጨረታ ለሻጩ የተሻለ ገቢ አስገኝቷል።

ዕቃው ራሱ ይወስናል

ጠገራ ብርና የምኒልክ ብር ሁለቱም ብር ናቸው፤ የሚጫረቱባቸው መንገድ ግን አንድ መሆን የለበትም። ጠገራው፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛ ታለር፣ ላዩ ላይ 1780 ይላል እንጂ ከዚያ በኋላም በብዙ አገር ሲመታ ኖሯል፤ ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የዕለቱን የብር ዋጋ አይተው ማባዛት ይችላሉ። ሌላውም ተጫራች እንዲሁ። ተራ ጠገራ ላይ ማድፈጥ የሚደብቁት ምስጢር ስለሌለ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ጣሪያዎን ጽፈው ይሂዱ፣ ወይም ከናካቴው ጨረታውን ትተው በቁርጥ ዋጋ ይግዙ።

የምኒልክ ብር ግን ዐዋቂ ይፈልጋል። አንበሳው ያነሣው የፊት እግር ግራው ነው ወይስ ቀኙ? ዓመተ ምሕረቱ ስንት ይላል? ጠርዙ ላይ የጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ምልክት አለ? ሻጩ ግዕዝ ቁጥር ስለማያነብ ዓመቱን በስሕተት ጽፎት ይሆናል፤ እርስዎ ግን በደበዘዘው ፎቶግራፍ ውስጥ ፲፰፻፹፯ የሚለውን ለይተው አነበቡ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሰኞ ዕለት ዋጋ ቢያስገባ «ይህ ሰው ምን አይቶ ነው?» ብለው ሌሎች ፎቶውን ያጎላሉ። እውቀትዎን በነፃ አደሉ ማለት ነው። የሮዝና የኦከንፌልስ ጥናትም ይህንኑ ያሳያል፤ ኢቤይ ላይ ዘግይቶ መጫረት ከኮምፒውተር ይልቅ በጥንታዊ ዕቃዎች ላይ ይበዛ ነበር። አማርኛና ግዕዝ የሚያነብ ተጫራች በእንዲህ ያለው ዕቃ ላይ ከማንም የተሻለ ቦታ አለው፤ እስከ መጨረሻው ዝም ማለት የሚያዋጣውም ያኔ ነው።

መስቀል፣ ብራና ወይም ክታብ ከሆነ ግን ከሰከንዱ በፊት ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ ከአገር እንዴት ወጣ? በ2021 አንድ የእንግሊዝ አጫራች ድርጅት ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎችን ለሽያጭ አውጥቶ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከጨረታው አንሥቷቸዋል፤ በዚያው ዓመትም ወደ ኢትዮጵያ እጅ ተመልሰዋል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣት በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ ነውና ሻጩ የአወጣጡን ማስረጃ ካላሳየ ይለፉት።

እውነተኛው ደባ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሊጠረጠር የሚገባው ግን በመጨረሻው ሰከንድ የሚገባው ሳይሆን፣ ሳምንቱን ሙሉ መግዛት ሳይፈልግ ዋጋ የሚያስገባው ነው። ሻጩ በሌላ ስም ወይም በወዳጁ በኩል የራሱን ዕቃ ሲጫረት ዋጋ አናሪ ይባል። ኢቤይ ይከለክለዋል፤ በብዙ አገር ሕግም ወንጀል ነው። በ2000 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በ25 ሳንቲም የተከፈተ አንድ ሥዕል የታዋቂ ሠዓሊ ሥራ መስሎ እስከ 135,805 ዶላር ወጥቶ ነበር። ሻጩ የራሱን ዕቃ መጫረቱ ሲታወቅ ኢቤይ ሽያጩን ሰረዘው፤ ነገሩም እስከ ፌዴራል ክስ ደረሰ።

የዋጋ አናሪ አካሄድ የከበደን ይመስላል፤ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ጣሪያዎን ይፈልጋል። ልዩነቱን የሚያሳየው የዋጋ ዝርዝሩ ነው። ኢቤይ የተጫራቾችን ስም ቢሸፍንም፣ አንድ ተጫራች ባለፉት 30 ቀናት ካስገባው ዋጋ ምን ያህሉ ለዚሁ ሻጭ እንደሆነ በመቶኛ ያሳያል። አዲስ መለያ ሆኖ መቶ በመቶ ለአንድ ሻጭ ዕቃዎች ብቻ ዋጋ የሚሰጥና ምንም የማያሸንፍ ሰው ካዩ ከዚያ ሻጭ ይራቁ። ሌላው ደባ በገዢ በኩል የሚሠራ ነው፤ አንዱ ዝቅተኛ ዋጋ ይጽፋል፣ ግብረ አበሩ ሌላውን ሁሉ የሚያስፈራ ሰማይ ጠቀስ ዋጋ ያስገባና መጨረሻ ላይ ይሰርዘዋል። ኢቤይ ይህንን ለማጥበብ ጨረታው ሊዘጋ ከ12 ሰዓት ያነሰ ሲቀረው የገባ ዋጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልሆነ እንዳይሰረዝ አድርጓል። ሲፒኦ በማይያዝበት ጨረታ ቃል የሚታጠፈው በርካሽ ነው።

በውጭ ባሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ለሕንፃ ማሠሪያ በሚደረገው ጨረታ ሰው ሆን ብሎ ዋጋ ሲያንር እልል ይባልለታል፤ እዚያ ግን ሁሉም ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ያውቃል፣ ያናረውም ራሱ ይከፍላል። ዋጋ አናሪውን ደባ የሚያደርገው አለመክፈሉና መደበቁ ነው። በመጨረሻው ሰከንድ የሚገባው ግን ካሸነፈ ይከፍላል።

ከዋጋ አናሪ የሚከላከለው አንዱ መሣሪያም ይኸው ዘግይቶ መግባት መሆኑ ነገሩን ያስገርማል። ጣሪያዎ እስከ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ካልገባ የሚለካው ነገር አያገኝም፤ ያለ እርስዎ ዋጋውን እየሰቀለ ቢሄድ ዕቃው በራሱ እጅ ይቀራል።

እንዲህ ሲሆን ሻጩ አንዳንዴ «አሸናፊው አልከፈለም» ብሎ ለሁለተኛው ተጫራች ሁለተኛ ዕድል ይልካል። ሐቀኛ ሻጭም ይህን ያደርጋል፤ የማይከፍሉ አሸናፊዎች አሉና። የሚጠየቁት ግን የእርስዎን ከፍተኛ ዋጋ ነው። አልማዝ 180 ጽፋ ዋጋ አናሪው 185 ቢያስገባ፣ ሁለተኛው ዕድል የሚመጣላት በ180 ነው፤ ያለ እሱ ግን ምናልባት በ71 ታሸንፍ ነበር። መልእክቱ በኢቤይ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ካልታየና በኢሜይል ብቻ ከመጣ፣ ገንዘብ በሌላ መንገድ እንዲልኩ ከጠየቀም፣ ሌባ ነው፤ አይመልሱለት። እውነተኛ ከሆነ ዝርዝሩን ከፍተው አሸናፊውን ይመርምሩ። መቀበል ግዴታ የለብዎትም፤ የሚያጠራጥር ከሆነ ዝም ይበሉት፣ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል፣ ያኔ እስከ መጨረሻዎቹ ዐሥር ሰከንዶች ምንም አይጻፉ።